በእህቴ ድምፅ ሥር የገባው ጊታር

ሰኞ፣ ኦገስት 14፣ 1972

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። የተቀባሁት ፓውደር ፖስታ ቤት እስክደርስ እንኳ ፊቴ ላይ አልቆየልኝም። ከሰዓት በኋላ አንድ ትሪ የበቆሎ ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ ይዤ ወደ አሮጌው የበረዶ ፋብሪካ ሄድኩ። በረዶ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ዴልማር ገዝቶት የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ አድርጎታል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በደጅ የሚያልፈው የጥጥ መኪና ድምፅ አይገባም ይላል ዴልማር። ከውስጥ የሚወጣውን ግን እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ።

እዚያ የከተሙት የእህቴ ልጅ ሬይፈርድና ጓደኞቹ ናቸው። ቡድናቸው ስሎው ፌሪ ይባላል። ሦስት ጊታር፣ ሁለት ድራም። ሁለት ድራም ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቅ ወፍራሙ ድራመኛ ሆሊስ፣ «አንዱ የበቆሎ ዳቦ ሲበላ ሌላው እንዲመታ ነው፣ ወይዘሮ ዊዳ» አለኝ። ከትሪው ላይ ስንት እንዳነሳ ስላየሁ አመንኩት።

የመጀመሪያ ሸክላቸው አልተሸጠም። በዚህ ከተማ የተሸጠውንም እኔ ራሴ ገዝቼ ሳልጨርሰው አልቀርም። ይሄኛው ሁለተኛው አልበም ነው፤ ካልተሸጠ በቃ ብሏቸዋል ሸክላቸውን የሚያወጣው የአትላንታ ኩባንያ። በቃ ማለት ሬይፈርድ ጸጉሩን ተቆርጦ እንደ ባሌ እንደ ክሊተስ አሉሚኒየም ፋብሪካ ይገባል ማለት ነው። የክሊተስን ወገብ ያየ ሰው ይሄን ለማንም አይመኝም።

እህቴ ኢሞጂን ልጇ ካለበት ስቱዲዮ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ አያስገባም፤ ፒያኖም ቢሆን። እግዜር ድምፅ ሰጥቶናል፣ በሱ እንዘምራለን። አብዛኛው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሬዲዮውን ይከፍታል፤ እኔም እከፍታለሁ። ኢሞጂን ግን እንደዚያ አይደለችም። ሬይፈርድ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያን ጊታር ይዞ ከገባ ጀምሮ እናትና ልጅ የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ መኪና ጎማ ነው። ሸሚዙን ትተኩስለታለች። ስለ ጊታሩ አንድ ቃል አይወጣትም።

ለነገ የጋዜጣ ዓምዴን መጨረስ አለብኝ። «ከጎረቤት ለጎረቤት»። ማን ማንን እሁድ እንደጠየቀ፣ ማን ከሐኪም ቤት እንደወጣ። ሰው ወሬኛ ይለኛል። የማልጽፈውን ቢያውቁ ኖሮ ዝምተኛ ይሉኝ ነበር።


ረቡዕ፣ ኦገስት 16

ዓምዱ ዘግይቶ ደረሰ። አዘጋጁ ተቆጣ። የክሊተስ ወገብ እንደገና። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ። ባሚያው አረረ። ሬይፈርድ ደጋግሞ ደወለ፤ ሊል የፈለገውን ሳይናገር ዘጋው።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 19

ከአትላንታ የኩባንያው ሰውዬ መጣ። ነጭ ጫማ አድርጓል፤ በዚህ አቧራ! ቴፑን ሁሉ ሰማ፤ እግሩን እንኳ አልወዘወዘም። ሲጨርስ፣ «ጥሩ ነው ልጆች። ግን ይሄን ሌላ ሃያ ቡድን ይሠራዋል። እናንተን ብቻ የሚመስለው ነገር የታል?» አላቸው። ሆሊስ እንኳ ማላመጡን አቆመ።

ሬይፈርድ እስከ መኪናዬ ሸኘኝና መስኮቱ ላይ ተደገፈ።

«አክስቴ፣ የአባባን መዝሙር ታስታውሻለሽ?»

ማስታወስ ምን ማለት ነው። አባታችን ከቀብር መልስ የሚያነሳው መዝሙር ነው፤ «ጀንበር ሳትጠልቅ እመጣለሁ» የሚለው። ከሱ በኋላ ኢሞጂን ብቻ ናት የምታነሳው። የቡድኑ ረጅሙ ዘፈን ከዚያ ዜማ የወጣ ነው፤ ሬይፈርድ ለማንም አልተናገረም እንጂ እኔ በሰማሁት ቀን ነው ያወቅሁት።

«እማ እንድትጀምረው እፈልጋለሁ። እሷ ትዘምርና ከዚያ እኛ እንገባለን።»

«ታዲያ ጠይቃታ!»

«አንቺ ጠይቂልኝ። እኔ ከጠየቅኳትና እምቢ ካለችኝ፣ ያቺን እምቢታ ሁለታችንም ይዘናት ነው የምንኖረው።»

ይሄን ካለኝ በኋላ እንዴት እምቢ ልበለው? የወለደችው እሷ ብትሆንም በየትምህርት ቤቱ ግብዣ ሲጫወት ያጨበጨብኩለት እኔ ነኝ።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 22

ኢሞጂን በረንዳዋ ላይ አደንጓሬ ትፈለፍል ነበር። ቁጭ ብዬ አብሬያት ያዝኩ። ስለ ሙቀቱ አወራን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሚስት የኦሌታ ልጅ ስለፈታው ትዳር አወራን፤ ማለት እኔ አወራሁ፣ እሷ ሰማች። ከዚያ ነገርኳት።

እጇ አላቆመም። «ጊታሩ ባለበት?» አለች።

«ጊታር በሌለበት። ክፍሉ ባዶ ይሆናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን?»

«ዊዳ፣ እኔ እነዚያን ማሽኖች አላውቃቸውም። አንቺ በየቀኑ እዚያ ነሽ። ድምፄ ሥር ምንም አይገባም በይኝና እሄዳለሁ። ከሱ ጋር ልጣላ አልፈልግም፤ ግን ሕፃናቱን መዝሙር የማስተምር ሴት ነኝ። እሁድ ፊታቸው እቆማለሁ።»

«ምንም አይገባም» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጠየቀ? እሱ ራሱ ጠየቀ?»

«እሱ ራሱ።»

ቤት እንደገባሁ ለሬይፈርድ ደወልኩ። «እሺ ብላለች! ክፍሉን ባዶ አድርጉላት፣ ብቻዋን ነው የምትዘምረው» ስለው መቀበያውን ጥሎ ሲጮህ፣ ከኋላው ሆሊስ ሲጮህ ሰማሁ። የቀረውን፣ ከድምፅዋ ሥር ምንም እንዳይገባ ማለቷን፣ ለመናገር መልሶ እስኪያነሳው ጠበቅኩ። አላነሳውም። ቅዳሜ እነግረዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 26

ደክሞኛል፣ ግን ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም።

ኢሞጂን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየችና አልገባም አለች። ልጆቹ ጊታሮቹን አውጥተዋል፤ ድራሙን ግን በብርድ ልብስ ሸፍነው ጥግ ትተውታል፤ ፒያኖውም እዚያው ነው።

ሆሊስ ላቡን እየጠረገ፣ «ወይዘሮ ኢሞጂን፣ ፒያኖውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ብናዞረውስ?» አላት።

«ልጄ፣ ፒያኖ ፊት የለውም። አውጡት።»

አወጡት። በዚያ ፀሐይ! ድራሙን፣ ድምፅ ማጉያዎቹን፣ ኦርጋኑን፣ በመጨረሻም ፒያኖውን፤ ጠጠሩ ላይ ኮልኩለው ሸራ አለበሱት። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ፒካፑን አቁሞ፣ «ተባረራችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ከዚያ ገባች። ማይክ ብቻ ነው የቀረው። ባርኔጣዋን አወለቀች፣ አፏን ዘግታ እያንጎራጎረች የመነሻውን ድምፅ ፈለገችው፣ አገኘችውና ጀመረች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ከዴልማር አጠገብ ነበርኩ። ዴልማር ስንቱን ዘፋኝ የቀዳ ሰው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። እኔ አባቴን አየሁት። በቃ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘመረች። ዴልማር እንደገና ልቅዳ ሲላት፣ «ምኑ ጎደለ?» አለችው።

ሬይፈርድ ገብቶ እቅፍ አደረጋት። «እማ፣ ይሄን ያህል ትፈቅጂልኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«ዊዳ ሁሉን አስረድታኛለች» አለችው።

«ለእኔም» አለ እሱ።

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ብርጭቆው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠምቶታል።

ስንመለስ አንድ መኪና ውስጥ ሆነን ኢሞጂን ታንጎራጉር ነበር። ይሄን ያየሁት መቼ ነው? ጊዜው አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ቀን በወሬ አይበላሽም።


ሰኞ፣ ኦገስት 28

ዓምዱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ ተረፈች። አንዲት መስመር አስገባሁ፦ «ወይዘሮ ኢሞጂን ባለፈው ቅዳሜ በልጃቸው አዲስ ሸክላ ላይ ያን ውብ ድምፃቸውን አሰምተዋል።» ምንም ክፋት የለባትም። ደስ እንዲላት ነው።


ሐሙስ፣ ኦገስት 31

የኮክ ኬክ ይዤ ስቱዲዮ ገባሁ። ኢሞጂን ከስፒከሩ ስትዘምር ሰማሁ። ከሥሯ ጊታር አለ።

ዴልማር ትንፋሹን ሰብስቦ ያስረዳኝ ጀመር፤ እኔ ሳልጠይቀው። ቴፑ ላይ መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀዳል፣ ኋላ አብረው ይሰማሉ። ይሄን አውቃለሁ፤ ጁንንና ጁላይን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የከረምኩት። የማላውቀውን ነገረኝ። መሣሪያ ሳይዝ የሚዘምር ሰው ሳያውቀው ድምፁ ዝቅ ይላል። ኢሞጂን በጀመረችበት አልጨረሰችም፤ በየአንቀጹ ትንሽ ትንሽ ወርዳለች። ዴልማር ማሽኑን ፈጠን አድርጌ ላስተካክላት ሲል ሬይፈርድ፣ «እማን ማንም አያስተካክላትም» አለው። ይልቁንስ በየአንቀጹ የጊታሩን ክር እያላላ፣ እሷ ወዳለችበት እየወረደ ለየብቻ ቀዳው። ሁለት ቀን ፈጀበት።

እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልበትም። አይቀድማትም። ትንፋሽ ስትወስድ ይቆማል፤ ስትነሳ ይነሳል። ሆሊስ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሬይፈርድ ዞር ብሎ አየኝ። ስድስት ዓመቱ ላይ ጥርሱ የወለቀ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚስቀው።

«አክስቴ፣ ከእማ ጋር ስጫወት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ቆንጆ ነው» አልኩት።

ቆንጆ ነው እኮ። ውሸት አልተናገርኩም።


እሁድ፣ ሴፕቴምበር 3

ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ! ወንድም ታልበርት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ከስብከቱ በኋላ ዛፉ ሥር ኢሞጂንን አስቆማት። ማን እንደነገረው እንጃ።

«እህት ኢሞጂን፣ ከነዚያ ጸጉረ ረጃጅሞች ጋር ሸክላ አወጣሽ አሉ።»

«ከልጄ ጋር ማለትህ ነው ወንድም ታልበርት። እንደምንዘምረው ነው የዘመርኩት፣ በባዶ ክፍል። ዊዳ ነበረች፤ ጠይቃት።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ክፍሉ ባዶ ነበር» አልኩ። «ፒያኖውን ሳይቀር አስወጥታለች።»

ሰዎች ሳቁ። ታልበርትም ፈገግ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔስ አምንሻለሁ» አላት፣ «ወላጆች ግን ያንሾካሽካሉ። ልጆቻቸውን መዝሙር የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። በመጪው እሁድ ተነስተሽ ራስሽ ብትነግሪያቸው ነገሩ ያበቃል።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። «በደስታ።»

ወደ መኪናችን ስንሄድ የታልበርት ሚስት ኦሌታ ከኋላችን ለሌላዋ፣ «የክፍሉስ ይሁን፤ ሸክላው ላይ ምን አለ?» ስትላት ሰማሁ። ያቺ ሴት የልጇን ትዳር ብትጠብቅ ይሻላት ነበር።

ራሴን አሞኛል። አስፕሪን ወሰድኩ። ምሳ ላይ የቀረበውን አልነካሁትም።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

የሠራተኞች ቀን። ሁሉም ሰው ወንዝ ዳር ነው። አምባዛ ጠበስኩ፤ ጨው ረሳሁ።

ክሊተስ በጀርባው እንደተኛ፣ «ንገሪያት» አለኝ።

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰሞኑን ሳህን ስትሰብሪ ነው የማይሽ።»


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 6

ነገሩን በዘዴ ልጨርሰው አሰብኩ። ጊታሩ ከወጣ ኢሞጂን የምታውቀው ነገር አይኖርም፣ ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ሬይፈርድን ጓሮ ወስጄ፣ «ልጄ፣ ያ ጊታር ግን ሲበዛ አይመስልህም? ድምፅዋ ብቻውን አይበቃም?» አልኩት።

ሳቀ። «አክስቴ፣ ሰውዬው ትናንት ከአትላንታ በስልክ ሰምቶት አብዷል። 'አልበሙ ይሄ ነው' አለ። ያ ነጭ ጫማ! ቅዳሜ ቴፑን እንልክለታለን።»

«ቢሆንም...»

ያኔ ሳቁን ተወ። ልጁ ሞኝ አይደለም። «እማ ታውቃለች አይደል?»

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር አልኩ መሰለኝ።

«አክስቴ። ጊታር እንዳለበት ታውቃለች?»

«ልነግራት ነው።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጠጠሩ ላይ ቁጢጥ አለ። «ፈቀደችልኝ ብዬ ነበር እኮ» አለ። «እነዚያን ሁለት ቀናት ሙሉ ስጫወት፣ ፈቀደችልኝ እያልኩ ነው የተጫወትኩት።»

ስለ እሁዱ ነገርኩት፣ ተነስታ ልትናገር መሆኑን።

«ከቅዳሜ በፊት ንገሪያት። አንቺ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ። ሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አትሆንም።»

ለማስታረቅ ነበር። ሌላ ምን አስቤ ነው? ለማስታረቅ ብቻ ነበር።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 7

ኢሞጂን ጋ ሄድኩ። አደንጓሬው የመጨረሻው ነው። ፈለፈልን። እሁድ የምትለውን ቃል እየደጋገመች ታሰማኛለች፤ «ድምፄ ብቻ ነው ልበል ወይስ ድምፄ ብቻውን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሁለተኛው ይሻላል አልኳት።

ጎረቤቷ መጣች፣ ስለዚህ አልተመቸኝም።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 8

ጎረቤቷ የመጣችው ልሄድ ስነሳ ነበር።

ነገ ጠዋት። መጀመሪያ የማደርገው ነገር።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 9

መኪናውን ላስነሳ ቁልፉን ይዤ ሳለ ስልክ ጠራ። ዴልማር ነው። «ወይዘሮ ዊዳ፣ እህትዎ እዚህ ናቸው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ስደርስ ኢሞጂን በዴልማር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጅ ይዛለች። ሬይፈርድ ቆሟል። ነግሯታል። አላየችኝም፤ ወይም አይታኝ ምንም አላለችም።

«አሰማኝ» አለችው።

አሰማት። እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ሰማች።

«እንደገና።»

እንደገና አሰማት። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጭንቅላቷ ትንሽ ዘንበል አለ።

«የምተነፍስበት ጋ ይቆማል።»

«አዎ፣ እማ።»

«የት እንደምተነፍስ ማን ነገረህ?»

«ወጥ ቤት ውስጥ ስትዘምሪ ነው ያደግኩት።»

ቦርሳዋን ከፍታ መሀረብ ፈለገች፤ አላገኘችም። ዘጋችው። «ጥሩ ነው ልጄ» አለች። «በጣም ጥሩ ነው።»

ሆሊስ ከበሩ ላይ፣ «ተመስገን!» አለ።

«አጥፋው።»

ከዚያ ዴልማር ቀስ ብሎ፣ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ያለ ጊታር ገልብጬ ልልክ እችላለሁ፣ ዋናው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል አላት።

«ካለ ያወጡታል። ስለዚያ ባለ ነጭ ጫማ ሰውዬ ነግረውኛል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቄዋለሁ።»

«እማ፣ አልበሙ እኮ ይሄ ነው። ያለሱ...»

«አውቃለሁ።»

«ፋብሪካ ልገባ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ ሬይፈርድ። መጥፎ ቢሆንማ ማን ግድ ይሰጠው ነበር? ጥሩ ስለሆነ ነው የምለምንህ። እምቢ ብትል ቀምቼህ አልሄድም። ሥራው የአንተ ነው። ነገ ተነስቼ ያለውን እናገራለሁ፣ ጊታር አለበት እላለሁ፤ ሕፃናቱን ሌላ ሰው ይይዛቸዋል። በዚያም አልጣላህም። ግን እኔን ከጠየቅከኝ፣ አጥፋው።»

ሬይፈርድ ጊታሩን በመስታወቱ በኩል አየው፤ ቁሙ ላይ ነበር። ከዚያ ዴልማርን ገለል አድርጎ ራሱ ማሽኑ ጋ ቆመ። አንዱን ቁልፍ ተጫነ፤ ቀይ መብራት በራ።

እኔ ማጥፋት ማለት ቀደድ አድርጎ መጣል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የአንዱን መስመር ድምፅ ለማጥፋት ቴፑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ ፍጥነት መሄድ አለበት። ስለዚህ ዘፈኑን ሙሉ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ኢሞጂን ከስፒከሩ ብቻዋን ትዘምራለች፤ ጊታሩ እሷ ባለፈችበት ሁሉ እየጠፋ ይሄዳል። ሬይፈርድ ጣቱን አላነሳም። ከድምፅዋ ሥር ያለው ባዶ ሆነ። ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር የእሱ ከንፈር ይቆጥር ነበር።

መሃል ላይ ተነሳች። አጠገቡ ሄዳ እጇን ጸጉሩ ላይ አሳረፈች። ጸጉሩን ካሳደገ ወዲህ ነክታለት አታውቅም።

«ታጥበዋለህ?»

«በየቀኑ።»

«አይመስልም» አለችው፤ እጇን ግን አላነሳችም፣ ቴፑ እስኪያልቅ።

ቀዩ መብራት ሲጠፋ፣ «ኢሞጂን፣ ዛሬ ልነግርሽ ነበር፣ ቁልፉን ይዤ...» አልኩ።

ያኔ ነው ያየችኝ። «ሐሙስ ዕለት አንድ ባልዲ አደንጓሬ ፈልፍለናል፣ ዊዳ።»

በሬይፈርድ ቫን ነው የሄደችው። ከኋላ ድምፅ ማጉያ ተከምሮበታል፤ ሆሊስ ከላዩ ተቀምጧል። መቀመጫው ላይ ያለውን ጊታር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ሌላ ቦታ ስለሌለ። እኔ ከኋላቸው ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ እነሱ ወደ ግራ ሄዱ።


እሁድ፣ ሴፕቴምበር 10

ተነሳች። «ልጄ በሸክላው ላይ እንድዘምር ጠየቀኝ። ድምፄ ብቻውን ነው። ከድምፄ ጋር ምንም የለም» አለችና ተቀመጠች። የእኔን ስም አላነሳችም። ታልበርት ራሱን ነቀነቀ። ኦሌታ እንኳ።

ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ሁለት ወንበር ቀድማ ነበር የተቀመጠችው። መዝሙሩ ሲነሳ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 20

ሰውዬው ከአትላንታ በስልክ ሲጮህ ሬይፈርድ መቀበያውን ከጆሮው አርቆ ለሁላችንም አሰማን። ጊታሩ የታል? ጠፋ። እንዴት ጠፋ? አጠፋሁት። እንደገና ተጫወተው! አልጫወትም። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ካለ በኋላ እንዳለ ይውጣ አለ፤ ሌላ የሚሠሩበት ጊዜ የለምና። አልበሙ በኢሞጂን ብቻ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለቱ ድራም።

ይሸጥ አይሸጥ ማንም አያውቅም። ልጆቹ ቫኑን ጭነው ወደ ጆርጂያ ሄደዋል፣ አንድ የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ። ለክሊተስ ፋብሪካው ሰው ይቀጥር እንደሆነ ቀስ ብሎ እንዲጠይቅ ነገርኩት። «ጠይቄያለሁ» አለኝ።

ዓምዱ አጭር ነው በዚህ ሳምንት። አዘጋጁ ታመምሽ ወይ አለኝ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ጥጡ ተለቅሞ እያለቀ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ ብናኝ። ኢሞጂን ስልኬን አታነሳም። ዛሬ የስኳር ድንች ኬክ ጋግሬ ሄድኩ። በሩን ከፈተች። ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ ግቢ አላለችኝም፣ በሩንም አልዘጋችም።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ሌላም ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ማስታረቅ፣ ስለ አባታችን። አንዱም አልመጣልኝም።

የበሩን መዝጊያ ተደገፈች። አርጅታለች። እኔም ያው እንደዚያው መሆን አለብኝ።

«ይቅር እልሻለሁ፣ ዊዳ» አለችኝ። «ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ደክሞኛል።»

«መቼ?»

«ሲሆንልኝ እነግርሻለሁ።»

ልሄድ ደረጃውን ስወርድ ጠራችኝ። ማክሰኞ ሃንትስቪል የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት። ሬይፈርድ ጆርጂያ ነው። የሚወስዳት ሰው የለም።

«እወስድሻለሁ!»

«ትወስጂኛለሽ። ግን ምንም አታወሪም።»

«ስንሄድ?»

«ስንሄድም ስንመለስም። ስለ ኦሌታ ልጅም ቢሆን።»

እሺ አልኳት። ያ መንገድ እንዴት ረጅም እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክሊተስ ስነግረው ወገቡን ረስቶ ሳቀ፤ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የምትፈነጂው ይላል።

እችላለሁ መሰለኝ። እኔም ደክሞኛል።